መልስ፦ «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የአእምሮ ሆስፒታልን ኑሮ በትክክል ያሳያል ወይ?

ለጠያቂያችን፦ የ1975 (እ.ኤ.አ.) ፊልም የዕለት ኑሮውን በደንብ ያሳያል፤ ሕክምናው ላይ ግን ያሳስታል።

የተቀረጸው በአሜሪካ ሳሌም ከተማ በሚገኘው ኦሪገን ስቴት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በፊልሙ ሐኪሙን ዶክተር ስፓይቪን ሆነው የተወኑትም የሆስፒታሉ ኃላፊ ዲን ብሩክስ ነበሩ። የመድኃኒት ሰዓቱን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሕሙማን መስኮቱ ፊት ይሰለፋሉ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማክመርፊ ኪኒኑን የዋጠ መስሎ አፉ ውስጥ ይይዘዋል። ነርሶች አፍ ከፍታችሁ አሳዩን የሚሉት ለዚሁ ነው። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የገቡ መሆናቸው የሚታወቅበት ትዕይንት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ መውጣት እየቻሉ ይፈራሉ።

ትልቁ ጉድለት የኤሌክትሪክ ሕክምናው፣ ማለትም በአንጎል ኤሌክትሪክ የማሳለፉ ሕክምና ነው። ማክመርፊ ሳይደነዝዝ፣ እንደነቃ ይሰጠዋል። ታሪኩ በሚካሄድበት 1963 (እ.ኤ.አ.) ግን ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠት የታወቀ አሠራር ነበር። በአግባቡ ሲሠራ ታካሚው ተኝቷል፤ ኤሌክትሪኩ የሚቆየው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ሰውነቱም እንደ ፊልሙ አይንዘፈዘፍም። የሚሰጠውም በተለይ ለከባድ ድብርት እንጂ ለቅጣት አይደለም። ያ ትዕይንት የዘራው ፍርሃት ሕክምናው የሚያድናቸውን ሰዎች ማሸሹ ከልብ ያሳዝነኛል። መጨረሻ ላይ የሚታየው የአንጎል ቀዶ ጥገናም በዚያን ጊዜ እጅግ ቀንሶ ነበር።