ሴሚያሱ ከካምቢዮ አልወጣ ሲልህ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ መኪናዬ በፊት ጎማ የምትነዳ አውቶሞቢል ናት። መሪ አጥፌ ስነሳ በግራ ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሴሚያሱ መሸፈኛ ላስቲክ ተቀዷል፤ ግሪሱ የቸርኬውን ውስጥ ሞልቶታል። አዲስ ሴሚያስ ገዝቼ ራሴ ልቀይር ጀመርኩ። በጎማው በኩል ወጥቶልኛል። የካምቢዮው በኩል ግን እምቢ አለ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ስንስበው ትንሽ ይመጣና ይቆማል። ምን ላድርግ? አዲሱን ስገጥምስ ምን ልጠንቀቅ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሳቡን አቁም። ያ ትንሽ መጥቶ የሚቆመው ነገር ሴሚያሱ ከካምቢዮው እየወጣ አይደለም።

ሴሚያስ፣ ድራይቭ ሻፍት የሚሉትም አሉ፣ ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነው። በሁለቱም ጫፉ ጆይንት፣ ማለትም መታጠፊያ፣ አለው። በጎማው በኩል ያለው መሪ ስታጥፍ አብሮ ይታጠፋል። ቀጭ ቀጭ የሚልብህም እሱ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ግሪሱ ይወጣል፤ አቧራና ውሃ ይገባል፤ በውስጡ ያሉት የብረት ኳሶችና የሚሄዱበት ቦይ ይበላሉ። በካምቢዮው በኩል ያለው ሥራው ሌላ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሴሚያሱ ማጠርና መርዘም አለበት። ስለዚህ በብዙ መኪኖች ላይ ሦስት ሮለሮች በአንድ የብረት ኩባያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። እናንተ የሳባችሁት ይህንን መንሸራተቻ ነው። ከዚያ በላይ ብትስቡት ሮለሮቹ ከኩባያው ይወጣሉ። ዘንጉ እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ኩባያው ካምቢዮው ላይ።

ይህን የማውቀው በልጅነቴ ሠርቼው ስለሆነ ነው። ሥራ ስለምድ የፍሪሲዮን ሥራ የገባች መኪና ላይ ሴሚያስ አውጣ ተባልኩ። ሴሚያሱ ደህና ነበር፤ ተመልሶ የሚገባ ነበር። ዘንጉን ይዤ ጎተትኩት። ላስቲኩ ተቀደደ፤ ከሮለሮቹ አንዱ ወልቆ በውስጡ ያሉት መርፌ መሰል ቀጫጭን ብረቶች አፈር ላይ ተበተኑ። ለቅመን አልጨረስናቸውም። ደህናው ጆይንት በእኔ እጅ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ሴሚያስ ከዘንጉ ይዤ ስቤ አላውቅም። አንተም አሮጌው ይጣላል ብለህ አትጨክንበት። አዲሱ ልክህ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ አሮጌው ሙሉ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል።

እና የያዘው ምንድን ነው? ከኩባያው ኋላ ጥርስ ያለው አጭር ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ ወዳለው ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ ወደሚያካፍለው፣ ይገባል። በዚያ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀለበት አለ፤ ስናፕ ሪንግ። ሲገባ ይጨመቃል፤ ካለፈ በኋላ ተከፍቶ ይቆለፋል። ይህ ቀለበት ቀስ ብለህ ብትስበው ይጸናል። ድንገተኛ ምት ሲያገኘው ግን ይለቃል። ስለዚህ የሚያስፈልግህ ጉልበት ሳይሆን አጭርና ፈጣን ምት ነው፤ እሱም ኩባያው ላይ።

ከዚያ በፊት ግን በባትሪ አብርተህ በደንብ እይ። አንዳንድ መኪና ላይ ኩባያው በዙሪያው በቡሎን የታሰረ ነው። እንዲህ ከሆነ ቡሎኖቹን ትፈታለህ እንጂ አትፈነቅልም። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ በረጅሙ ሴሚያስ በኩል፣ መሃል ላይ ከሞተር ጋር የታሰረ ኩሽኔታ ያለው ተጨማሪ ዘንግ ይኖራል። እሱም የራሱ ማሰሪያ አለው። በቡሎን የታሰረን ነገር ለመፈንቀል መታገል የካምቢዮውን አሉሚኒየም መስበር ነው።

ቡሎን ከሌለው የካምቢዮውን ዘይት አውርድ። ካላወረድከው ሴሚያሱ ሲወጣ ፊትህ ላይ ይወርዳል። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ እንደሆነ ደግሞ እዚህ ላይ አቁምና ስታንድ አግባላት። መፈንቀል መኪናን ያነቃንቃል። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ገብቶ መፈንቀል ነፍስን በክሪኩ አንዲት ጎሚኒ ላስቲክ ላይ ማስያዝ ነው። ይህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ ላንተም አልተውም።

አሁን ሰፊ አፍ ያለው መፈንቀያ ያዝ። በኩባያውና በካምቢዮው አካል መካከል ቀጭን ክፍተት አለ። ጫፉን እዚያ አስገባ፤ ግን በጥልቀት አታስገባ። ከኩባያው ጀርባ የዘይት ማገጃው፣ ፓራኦሊዮው፣ አለ። መፈንቀያው እሱን ከነካ ነገ ዘይት ያንጠባጥባል። መደገፊያህ የካምቢዮው ወፍራም ቦታ ይሁን፤ ቀጭኑን የዘይት ቋት አትደገፍ። ከዚያ አጭር፣ ፈጠን ያለ ምት ስጠው። ሁለት መፈንቀያ ካለህ በፊትና በኋላ ፊት ለፊት አድርገህ እኩል ስጥ። ካልወጣ ሴሚያሱን ሩብ ዙር አዙረህ ድገም። የቀለበቱ ክፍት ቦታ ሲዞር ብዙ ጊዜ ያኔ ይለቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር የተለመደ ነው፤ ተስፋ አትቁረጥ።

ጠቅ ብሎ ሲለቅ አትጎትተው። አንድ እጅህን ከኩባያው ሥር፣ አንዱን ከዘንጉ ሥር አድርገህ ቀጥ አድርገህ አውጣው። ከተንጋደደ ጥርሱ የማገጃውን ከንፈር ይቧጥጠዋል። ሌላኛውን ጎን ደግሞ አትንካው። በአንዳንድ ካምቢዮ ሁለቱም ሴሚያስ አንድ ላይ ከወጡ ውስጥ ያሉት የዲፈረንሻል ጥርሶች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። እነሱን ለመመለስ ካምቢዮ ማውረድ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱንም መቀየር ካለብህ አንዱን ገጥመህ ጨርስና ወደ ሌላው ሂድ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተኛቸው። ርዝመታቸውን እይ። በሁለቱም ጫፍ ጥርሶቹን ቁጠር። ማገጃው የሚያርፍበትን ለስላሳ ቦታ ውፍረት ለካ። አሮጌው ላይ የኤቢኤስ፣ ፍሬን ስትይዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ጥርስ ቀለበት ካለ አዲሱም ሊኖረው ይገባል፤ የጥርሱም ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ይህን ሳያይ ገጥሞ ሙሉ ቀኑን ያጠፋ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ማገጃውን ደግሞ ቀይረው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ አሁን ደግሞ ደጁ ተከፍቶልሃል። አሮጌውን ስታወጣ የተቀመጠበትን ቤት አትቧጥጥ። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ከንፈር ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ካምቢዮው ውስጥ ይዞራል። ዙሪያውን እኩል እየመታህ አስገባው፤ ከንፈሩንም በዘይት አርሰው።

አዲሱ ሴሚያስ ጫፍ ላይ ያለው ስናፕ ሪንግ አዲስ መሆን አለበት፤ አሮጌውን አትመልስ። ትንሽ ግሪስ ቀብተህ ቀለበቱን መሃል ላይ አስተካክለውና ክፍቱን ወደ ታች አዙር። ጥርሱ ከጥርስ ጋር እስኪገናኝ በቀስታ አዟዙረው። ሲገናኝ ኩባያውን ይዘህ አንድ ቆራጥ ግፊት ስጠው። ጠቅ ሲል እጅህ ላይ ይሰማሃል። ካልገባ በመዶሻ አትቸኩል፤ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ወርዶ ይሆናል፤ አውጥተህ አስተካክለው። ከገባ በኋላ ኩባያውን፣ ዘንጉን ሳይሆን ኩባያውን፣ በእጅህ ወደ ውጭ ሳብ። ካልመጣ ተቆልፏል። በደንብ ያልተቆለፈ ሴሚያስ መንገድ ላይ ወጥቶ ዘይቱን ሁሉ ያፈስሳል፤ መኪናዋም መሄድ ታቆማለች።

በጎማው በኩል የሞዞውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን እምብርት፣ ጥርስ አጽዳ፤ ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ አንሳው። ቦል ጆይንቱንና ቴስቲናውን፣ የመሪውን ዘንግ ጫፍ፣ መልሰህ እሰር። የፍሬኑን ካሊፐር ፈትተህ ከሆነ በዚህ ሁሉ ጊዜ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ እሰረው። የኤቢኤሱ ገመድ እንዳይወጠርም እይ።

የሴሚያሱን ጫፍ ከሞዞው ጋር በሚያስረው ዳዶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ ሠራተኞች የሚያቃልሉት እሱን ነውና። ይህ ዳዶ ሴሚያሱን ብቻ አይደለም የሚይዘው። በብዙ መኪና ላይ የጎማውን ኩሽኔታ አጣብቆ የያዘው እሱ ነው። ከላላ ኩሽኔታው ይላቀቃል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀም ይጎዳል። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናዋን ጎማ ላይ አታሳርፋት፤ ለአንድ ሜትርም አትግፋት። የጥብቀቱን ልክ ከመኪናህ ማኑዋል ውሰድ። በብዙ አነስተኛ መኪኖች 200 ኒውተን ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። 200 ማለት በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ግድም እንደማንጠልጠል ነው። በግምት አይሆንም፤ ቶርክ ሬንች፣ ጥብቀት የሚለካውን ቁልፍ፣ ተዋስ። በአየር መሣሪያ መትቶ መጨረስም አይመከርም። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ 30፣ 32 ወይም 36 ነው። ጓደኛህ ፍሬን ይርገጥልህ፤ አንተ አጥብቅ።

ዳዶው አዲስ ይሁን። ከንፈሩ በመሮ ተመትቶ የሚቆለፈው ዓይነት ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይቆለፍም። በዳዶ ፈንታ ቡሎን ያላቸው መኪኖችም አሉ፤ ያ ቡሎን አንዴ ከተፈታ ይጣላል። መቆለፊያ ፒን የሚገባበት ከሆነና ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ማጥበቅ ሂድ እንጂ አታላላ።

ዘይቱን በትክክለኛው ዓይነትና ልክ ሙላ። ይህ ቢረሳ ካምቢዮው ይቃጠላል። ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን ሙሉ አጥፈህ በቀስታ በግራም በቀኝም ክብ ዙር። ቀጭታው ከጠፋ እሰየው። ካልጠፋ የቀኙን ሴሚያስ እይ፤ ድምፅ ብረት ለብረት ይሄዳልና ጆሮ ጎኑን ይሳሳታል። ቀጥ ብለህ ነዳጅ ስትሰጥ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በካምቢዮው በኩል ካለው ጆይንት ነው። ስትመለስ ሥሯን ተመልከት፤ በማግሥቱም አንድ ጊዜ ድገም። ማገጃው አካባቢ ደረቅ ከሆነ ጨርሰሃል።