መጨረሻው ነው ያጣላው

«ትዌንቲ ኤይት ይርስ ሌተር የሚባለውን አስፈሪ ፊልም ግማሹ ሰው ያብድለታል፣ ግማሹ ይሰድበዋል፤ ለምን?» ላልከው ወንድሜ፦ ጥሉ መጨረሻው ላይ ነው። አራት ኪሎ ጓደኛዬ ቤት ስድስት ሆነን አየነው። ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ የታመመች እናቱን ይዞ ሐኪም ፍለጋ ሲወጣ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፈንዲሻው ሳህን ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ቱታ የለበሱ ልጆች እየተገለባበጡ ከች! አንዷ «ቻናሉን ማን ቀየረው?» አለች። እስከ ታክሲ ድረስ ስንጨቃጨቅ ሄድን። እኔ ወድጄዋለሁ።

ዞምቢ ሲሉትም አትሸወድ፤ በቫይረስ ያበዱ ሰዎች እንጂ ከመቃብር የተነሱ ሬሳዎች አይደሉም። ለዚህ ነው እንደዚያ የሚሮጡት። ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል አብዛኛውን በአይፎን ነው የቀረጸው፤ ሳይነግሩህ አታውቅም። በፈረንጆቹ 2002 የወጣውን የመጀመሪያውን ባታየውም ይገባሃል። ብቻ እራት ከበላህ በኋላ እየው፣ ክትፎ ከሆነ ደግሞ ቆይተህ።