ውሃው በየት በኩል ገባ? ሀሪኬንና የቤት ኢንሹራንስ

ጎንደር ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሀሪኬን የሚሉት ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው፤ ዜናው ሲመጣ ስልኩ አያርፍም። ፍሎሪዳ እያለሁ ሥራዬ ኢንሹራንስ ስለነበር፣ የምትጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ ቤት ገዝታለች፤ ኢንሹራንስም አላት። ሀሪኬን ቢያፈርስባት ይከፍሏታል ጋሼ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እትዬ፣ ነፋስ ላደረሰው አዎ፤ ለጎርፍ ግን አይከፍሏትም። ነፋሱ ጣሪያ ገንጥሎ ዝናብ ቢያስገባ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል። ባሕሩ ሞልቶ በበር ቢገባ ግን ጎርፍ ነው የሚባለው፤ የገፋው ያው ሀሪኬን ቢሆንም! ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ለጎርፍ ራሱን የቻለ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውል፣ ይገዛል። የፌዴራል መንግሥቱ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ዜናውን ሰምቶ መግዛትስ?

መልስ፦ አይሆንም። የጎርፉ ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ30 ቀን በኋላ ነው። የሀሪኬን ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ስለሆነ፣ ከሚያዝያ ጊዮርጊስ በፊት ትግዛ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ጣሪያ ተጎድቶ አንድ ዶላር አልሰጡትም። ተጭበርብሮ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ዲዳክቲብል የሚሉት አለ፤ መጀመሪያ ከራስ ኪስ የሚወጣው ማለት ነው። የሀሪኬኑ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ነው። የሚሰላውም ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ከተገባለት የኢንሹራንስ መጠን ነው። ቤቱ 400,000 ዶላር ተገብቶለት ዲዳክቲብሉ 2 በመቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው 8,000 የእሱ ዕዳ ነው። ጥገናው 7,000 ከፈጀ ምንም አያገኝም። ውሉን አይቶ ያረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ልጄስ ከጉዳቱ በኋላ ምን ታድርግ?

መልስ፦ ሳታጸዳ ፎቶና ቪዲዮ ታንሳ። ቀዳዳውን በሸራ ትሸፍን፣ ደረሰኝ ትያዝ፣ ቶሎ ታመልክት።

ጥያቄ፦ እኛ ማራኪ ሰፈር ሀሪኬን የለብንም፤ የክረምቱ ነፋስ ግን ቆርቆሮ ይነቅላል። የእኛስ ኢንሹራንስ?

መልስ፦ እኛ አገር መሠረቱ «እሳትና መብረቅ» ነው። አውሎ ነፋስና ጎርፍ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው፤ ሲፈርሙ በስም ይጠይቁ። ደግሞ ቤትዎን አሳንሰው አያስመዝግቡ። 4 ሚሊዮን የሚያወጣውን 2 ሚሊዮን ነው ካሉ፣ የ200,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብልዎ 100,000 ነው። የግንባታ ዕቃ እንዲህ እየናረ፣ ኢንሹራንሱን በድሮው ግምት የሚያድስ ሰው ብዙ ነው።