ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ይዩ

ጥያቄ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1992 ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ ሞተሩ 1ኤችዲ-ቲ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ግን አይጨስም። ጋራዥ «ቱርቦ ቀይር» አሉኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እባክዎ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የናፍጣ ማነስን ነው። አየር ወደ ሞተሩ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ወደ ናፍጣ ፓምፑ አናት የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚነፋው አየር ግፊት በእሷ አልፎ የፓምፑን ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ሲጫን ፓምፑ ናፍጣ ይጨምራል። ከተሰነጠቀች ቱርቦው ቢነፋም ፓምፑ ወሬው አይደርሰውም። ነቅለው ጫፏን አጠፍ አድርገው ይዩ፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ስር ይደበቃል።

የቱርቦውን ግፊት ወደሚገድበው ዌስትጌት ከምትሄደው ጎማ ጋር ግን እንዳያምታቷት። ያቺኛዋን «ጉልበት ይጨምራል» ብለው የሚነቅሉ አሉ፤ በጣም ያናድደኛል፣ ግፊቱ ከልክ አልፎ ሞተር ይበላል።

ጎማዋ ደህና ከሆነች የናፍጣ ፊልትሮውን ይቀይሩ።