እንጀራ ትቼ የቀነስኩት ኪሎ በአንድ ድግስ ተመለሰ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የጨመርኩት ክብደት አልወርድ ብሎኝ ሲያስጨንቀኝ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ጨርሶ እንድተው መከረችኝ። እሷ በዚህ መንገድ ብዙ ቀንሳለች። እኔም ቆርጬ ጀመርኩ። ጠዋት እንቁላል በቅቤ፣ ቀን ጥብስ በሰላጣ፣ ማታ ጎመን በአይብ እበላለሁ፤ በመሐል ሲርበኝ ለውዝ እይዛለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁትን ማመን አቃተኝ። 84 ኪሎ የነበርኩት ሴት ወደ 80 ተኩል ወረድኩ። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ጉልበትም አጣሁ፤ ግን ደስታው ሁሉን አስረሳኝ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ምግቤን ሳልቀይር አንዳንድ ቀን ጭራሽ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ባለፈው እሑድ ደግሞ የባለቤቴ እኅት ልጇን ክርስትና አስነሣች። አማቴ ባጎረሱኝ ጊዜ እንቢ ማለት አልሆነልኝም። አንዴ ከተጀመረ በኋላ ዶሮ ወጡን በእንጀራ በላሁ፤ ከድፎ ዳቦውም ቆረስኩ። በማግሥቱ ሚዛን ላይ ስወጣ ከሁለት ኪሎ በላይ ጨምሬአለሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን ራሴን የከለከልኩት ለአንድ ምሳ ነው? የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ይኖርብኝ ይሆን? እኅቴ በስልክ «ተደብቀሽ እየበላሽ ነው» አለችኝ፤ ይህ ከሚዛኑም በላይ ጎድቶኛል።

ጾመ ፍልሰታም እየደረሰ ነው። እንቁላሉም ሥጋውም ሲቀር ወደ ሽሮና ምስር እመለሳለሁ፤ የቀረውም ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

በመጨረሻም ስለ እናቴ ልጠይቅዎ። 66 ዓመቷ ነው። የእኔን የመጀመሪያ ሳምንት አይታ እሷም እንጀራ ትታለች። ለስኳር በሽታዋ ግላይቤንክላማይድ፣ ለደም ግፊቷ ደግሞ የሚያሸና ክኒን ትወስዳለች። እንደ እኔ ፈጥና ቀንሳለች። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላብ ያጠምቃታል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። እሷ «ስቡ እየቀለጠ ነው» እያለች ትደሰታለች። ለእሷ የሚስማማ የምግብ ዝርዝር ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ከደብዳቤዎ መጨረሻ እጀምራለሁ። የእርስዎ ኪሎ ጊዜ ይሰጠናል፤ የእናትዎ ጉዳይ ግን ለነገ የሚባል አይደለም።

ላቡና መንቀጥቀጡ የስብ መቅለጥ ምልክት አይደለም። በዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የደም ስኳር ከሚገባው በታች መውረድ ነው። ግላይቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን የደም ስኳር የሚያወርድ ሆርሞን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ እናትዎ እንጀራ በሉም አልበሉም ክኒኑ ሥራውን አያቆምም። ሐኪማቸው መጠኑን ሲወስኑ እኚህ ሴት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጀራ ይበላሉ ብለው አስበው ነበር። እንጀራው ቀርቶ ክኒኑ እንዳለ ሲቀጥል ስኳሩ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው የሐሳብ መደናገር፣ ራስን መሳትና መውደቅ ነው። የሚያሸናው ክኒን ሌላ ችግር ይጨምራል። ካርቦሃይድሬት (በእንጀራ፣ በዳቦና በስኳር ውስጥ በብዛት ያለውን ንጥረ ነገር) መቀነስ በራሱ ከሰውነት ውሃና ጨው ያስወጣል፤ ክኒኑም የሚያስወጣው እነሱኑ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ደም ግፊት ከመጠን በላይ ሊወርድና ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ ሊያዞረው ይችላል።

ስለዚህ የምግብ ዝርዝር አልጽፍልዎትም። ዛሬውኑ ወደ ቀድሞ ምግባቸው ይመለሱ። ክኒኖቹን ግን በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡ። የክኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ሂዱ፤ ላቡና መንቀጥቀጡ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ጽፋችሁ ያዙ። እስከዚያው ምልክቱ ከታየባቸውና መመርመሪያ መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ስኳራቸውን ለኩ፤ ዝቅ ካለ ወይም መሣሪያው ከሌለ ሳትጠብቁ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ። ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ፤ ይህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አታድርጉ፤ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው።

ይህን ያልኩት ካርቦሃይድሬት መቀነስ ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም ለማለት አይደለም። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚጠቀሙበት ብዙዎች አሉ፤ የሚያደርጉት ግን ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን አስቀድሞ ቀንሶላቸው፣ ስኳራቸውን በየቀኑ እየለኩ ነው። አንድ ነገር ደግሞ እናትዎን ይጠይቁልኝ፦ መክሳት የጀመሩት ምግባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ነበር? ከሆነ፣ በተለይ ውሃ ጥም፣ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። በእኛ አገር ሰው ያለ ምክንያት ሲከሳ ያልተስተካከለ ስኳርም፣ የሳንባ ነቀርሳም፣ ሌላም መመርመር አለበት፤ በአዲስ ዳይት አሳብቦ ማለፍ አደጋ አለው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሄደው ሦስት ኪሎ ተኩል በአብዛኛው ውሃ ነው። ይህን የምለው ጥረትዎን ለማሳነስ አይደለም፤ ይህን ካላወቁ እሑድ የሆነውን መረዳት አይችሉም። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ለችግር ቀን ያስቀምጠዋል፤ ጉበትና ጡንቻ ጎተራዎቹ ናቸው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ፣ በጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል ይገኛል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንን ነው፤ ግላይኮጅኑ ሲያልቅ ውሃውም አብሮት ይወጣል። ይህ ብቻውን ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ኢንሱሊን ዝቅ ሲል ኩላሊት ብዙ ጨው ያስወግዳል፤ ጨው በወጣበትም ውሃ ይከተላል። አንጀት ውስጥ የሚቆየው የምግብ ክምችትም ያንሳል። ይህን ሁሉ ሲደምሩት ሦስት ኪሎ ተኩል ያስገርማል? ራስ ምታትዎና ድካምዎም በአብዛኛው የዚሁ የውሃና የጨው መጥፋት ውጤት ነው። የደም ግፊት ከሌለብዎ በእነዚያ ቀናት ውሃ መጠጣትና ትንሽ ጨው ያለው የሥጋ መረቅ መጎንጨት ያቀልልዎት ነበር።

እሑድ የሆነው ነገር ይህንኑ ሒሳብ በተቃራኒው የሠራ ነው። ለቀናት ባዶ የቆየው ጡንቻ እንጀራና ድፎ ዳቦ ሲያገኝ ጎተራውን ሞላ፤ ከውሃው ጋር። ዶሮ ወጡም በጨው የበለጸገ ነው። የበሉት ምግብ ራሱም በማግሥቱ ጠዋት ገና ሆድዎ ውስጥ ነበር። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ቁጥሩን ይዩት፦ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚያስፈልገው በላይ ከ15,000 ካሎሪ የሚበልጥ ምግብ መብላት ነበረብዎ። በየትኛውም ክርስትና ላይ ይህን ያህል የሚበላ ሰው የለም። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ወደ ወትሮው አመጋገብዎ ሲመለሱ አብዛኛው ይወርዳል። አማትዎ በፍቅር ያጎረሱዎት ምንም አላበላሸብዎትም፤ በዚህ ምክንያት ከቤተሰብ ማዕድ እንዳይሸሹ እለምንዎታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ለምን ቆመ? አንደኛው ምክንያት ውሃው ወጥቶ ማለቁ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀንሰው ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሩ ውጤት ነው፤ ይህም በወር አበባ ሰሞን በሚመጣው የውሃ መጠራቀም ብቻ ሊሸፈን ይችላል። ብዙ ሴቶች ከወር አበባቸው በፊት አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ይወርዳል። ምግብዎን ሳይቀይሩ ሚዛኑ ከፍ ያለባቸው ቀናት ከዚህ ጋር ይገጥሙ እንደሆነ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። የሆድ ድርቀትም ካለ ይቆጠራል፤ እንጀራና ጥራጥሬ ሲቀር ፋይበርም (አሰር) አብሮ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ሳህንዎ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች «ካርቦሃይድሬት የለውም» የተባለውን ሁሉ ያለ ልክ መብላት ይቻላል ብለው ያስባሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ 100 ግራም ለውዝ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው። ለውዝ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኖ ሲበላ አይታወቅም። ቅቤውን በማንኪያ ይለኩ፤ ለውዙን ከፌስታሉ አይብሉ፣ አንድ እፍኝ ብቻ አውጥተው ሌላውን ያስቀምጡ። ይህን አመጋገብ ለወራት የሚቀጥሉ ከሆነም የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ፤ በቅቤና በቀይ ሥጋ ላይ በተመሠረተ አመጋገብ ጎጂው ኮሌስትሮል በጣም የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ።

ታይሮይድን በተመለከተ፣ እስካሁን የነገሩኝ ሁሉ ያለ በሽታ የሚገለጽ ነው። ሆኖም ሌላው ሰው ሳይበርደው እርስዎን የሚበርድዎ ከሆነ፣ ቆዳዎ ከደረቀ፣ የወር አበባዎ ከተዛባ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ቀላል የደም ምርመራ ስላለ ያድርጉት። በተለየ ሁኔታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት እየጨመረ እግር ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ግን ይህ የዳይት ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ለእኅትዎ ይህን ደብዳቤ ያንብቡላት። እሷ የቀነሰችው እውነት ነው፤ እርስዎ እንደ እሷ አለመቀነስዎም ተደብቀው ለመብላትዎ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ አንዱ ቡድን ስብ፣ ሌላው ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ ተደርጎ። በአማካይ የመጀመሪያው ቡድን 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ቀነሰ፤ ይህም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አይደለም። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ ግን በጣም ብዙ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ሰዎች ነበሩ። በአንድ ዓይነት አመጋገብ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ውጤት ማግኘታቸው የተለመደ ነው፤ እኅትማማቾች ቢሆኑም።

ይኸው ጥናት ለፍልሰታም ያገለግልዎታል፤ ክብደት ለመቀነስ እንጀራን ጨርሶ መተው ግዴታ እንዳልሆነ ያሳያልና። በጾሙ መጀመሪያ ቀናት ሽሮና ምስር ሲመለሱ ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ይላል፤ ይህ ውሃ መሆኑን አሁን ያውቃሉ፤ እንዲያውም በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ባይመዘኑ እመርጣለሁ። እንጀራውን ከወትሮው በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያስወግዱት። ምስርና ሽሮ ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፕሮቲንና ፋይበር ስላላቸው ያጠግባሉ፤ በጾም ወቅት ከእነሱ የተሻለ የፕሮቲን ምንጭ ለማግኘት ይቸግርዎታል። ከሳህኑ ግማሹን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ይያዘው። ዘይቱን ሳይለኩ አያንቆርቁሩ፤ በጾም ወጥ ውስጥ ካሎሪውን የሚያበዛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጾሙ ሲፈታ የቁሌት ሽታ ሰፈሩን ሲሞላው ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያን ሳምንት ሚዛንም አይመኑት።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሚዛኑን በጠንካራ ወለል ላይ አድርገው ይመዘኑ። የወገብዎን ዙሪያም በሜትር ይለኩና ከክብደትዎ ጎን ይጻፉት። የአራት ሳምንት ቁጥሮች ሲኖርዎት ያን ጊዜ ይጻፉልኝ፤ የእናትዎ ሐኪም ያሉትንም አብረው ይላኩልኝ።