በሃ ሎንግ ደሴቶች መካከል በመርከብ ስለማደር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ቬትናም ለመሄድ ያሰባችሁ አባላት፣ በሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ በመኝታ መርከብ ስለማደር የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተቀብያለሁ። ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

እኛ የምንኖረው በኖራ ድንጋይ ተራራና በዋሻ መካከል ነው። ታዲያ ይህን ለማየት ለምን ያን ያህል እንርቃለን? (ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ)

ድንጋዩ በእርግጥ ዘመድ ነው። ከከተማችን ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ጥንታዊ የሰው መንጋጋ አጥንት የተገኘበት፣ እንደ ሃ ሎንግ ዋሻዎች ሁሉ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ሁለቱም ጋ ድንጋዩ የተደላደለው በጥንት ባሕር ወለል ላይ ሲሆን፣ የእነርሱ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ስላለው ከእኛው በእጅጉ ይቀድማል። ልዩነቱን ያመጣው ውኃ ነው። በዚያ ሞቃትና ዝናባማ አገር ከአየርና ከአፈር አሲድነት የሚቀስመው የዝናብ ውኃ ድንጋዩን ለሚሊዮኖች ዓመታት እያሟሟ ሸለቆ፣ ዋሻና እንደ ዓምድ የቆሙ ኮረብቶች ሠራ፤ ከዚያም የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አብቅቶ የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ሸለቆዎቹ ተጥለቀለቁና የኮረብቶቹ አናት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። 1,553 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው ስፍራ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ደሴቶች የተሰባሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። ከመርከቡ ሆናችሁ የደሴቶቹን ግርጌ ተመልከቱ፦ ባሕሩ እየሞላና እየጎደለ ድንጋዩን ከሥሩ ቦርቡሮታል። ይህንን በቅጡ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የራሳችንን ዋሻ አይቶ መሄድ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

አንድ ሌሊት ይበቃል? ወይስ ደርሶ መልሱን መርጠን ገንዘባችንን እንቆጥብ? (ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን)

ደርሶ መልሱን አልመክርም። የቀን ጀልባዎች ሁሉ ወደ ተመሳሳይ ዋሻ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚደርሱ፣ ዋናው የሱንግ ሶት ዋሻ በሰልፍ የሚታለፍ ይሆናል። ሲመሽ የቀን ጎብኚዎች ወደ ወደብ ይመለሳሉ፤ የመኝታ መርከቦች በተፈቀደላቸው ቦታ መልሕቅ ይጥላሉ፤ የባሕረ ሰላጤው ጸጥታ የሚገኘውም ከዚያ ሰዓት እስከ ማለዳ ነው። ሆኖም «ሁለት ቀን አንድ ሌሊት» የሚባለው ጉዞ እኩለ ቀን ገደማ ተጀምሮ በማግስቱ ረፋድ ላይ ስለሚያልቅ ሙሉ 24 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከአፍሪካ ድረስ ለሄደ ሰው ሁለት ሌሊት የተሻለ ነው፤ መካከለኛው ቀን ሰው ወደማይበዛባቸው ስፍራዎች በትንሽ ጀልባና በካያክ (በመቅዘፊያ በምትነዳ ጠባብ ጀልባ) ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ሌሊት ከሆነ ደግሞ የካቢኑን (የመኝታ ክፍሉን) ጌጥ ሳይሆን መርከቡ የሚያድርበትን ስፍራ ጠይቃችሁ፣ በስተደቡብ ያለውን ላን ሃን ወይም በስተሰሜን ምሥራቅ ያለውን ባይ ቱ ሎንግን ምረጡ።

መርከብ ስለመገልበጡ ሰምተን ፈርተናል። (ከሐረር፣ ከጀጎል)

ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ የጎብኚዎች ጀልባ በድንገተኛ ማዕበል ተገልብጦ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። ደሴቶቹ ከሰፊው ባሕር የሚመጣውን ሞገድ ስለሚከላከሉ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው፤ ከሰማይ በድንገት የሚወርደውን ነፋስ ግን አያስቆሙትም። ስለዚህ ስትሳፈሩ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ያለበትን ቦታና ከካቢናችሁ ወደ ላይ የሚያወጣውን መንገድ በዓይናችሁ እዩ፤ ሰማዩ ሲጠቁር ጃኬቱን ልበሱ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም አትቆዩ። ዋና የማይችል ሰው ካያክ ላይ ሲወጣ ጃኬቱን ፈጽሞ አያውልቅ። ባለሥልጣናት በአየር ጠባይ ምክንያት ጉዞ ሲያግዱ ደግሞ «ሰማዩ ጥሩ ነው» ብሎ መከራከር አይገባም፤ ለዚህም ሲባል የመመለሻ በረራችሁን ከመርከቡ በምትወርዱበት ቀን አታድርጉት።

የትኛው ወር ይሻላል? (ከሳቢያን)

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉም ይመረጣሉ፤ ሚያዝያም መልካም ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የአውሎ ነፋስ ወራት ናቸው። ከጥር እስከ መጋቢት ጭጋግና ካፊያ ይበዛል፤ ቅዝቃዜውም በድሬዳዋ ሙቀት ለለመደ ሰው ስለሚከብድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

በጾም ወቅት ምን እንበላለን? ሐላል ምግብስ ይገኛል? (ከድሬዳዋና ከሐረር)

የመርከቦቹ ገበታ በባሕር ምግብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአሳማ ሥጋም ዘወትር ይቀርባል። ለጿሚው ትልቁ ችግር ዓሣው ሳይሆን ከዓሣ የሚሠራው ማጣፈጫ፣ የዓሣ ሶስ፣ ነው፤ አትክልት በተባለው ወጥ ውስጥ እንኳ ይጨመራል። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነውን ምግብ «ቻይ» ስለሚሉት፣ ቦታ ስትይዙ በዚህ ቃል አስታውቁ፤ ስትሳፈሩም ለምግብ አብሳዩ ደግማችሁ ንገሩ። ሙስሊም ተጓዦች የታረደ ሐላል ሥጋ እናገኛለን ብለው ባይጠብቁ ይሻላል፤ ዓሣና ሽሪምፕ ለብቻው በተለየ መጥበሻ እንዲዘጋጅላቸው አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቪዛና መንገዱስ? (ከከዚራ)

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማንኛውም አገር ዜጋ የቬትናምን ቪዛ በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል፤ እስከ 90 ቀን ያስቆያል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚከፈለውም 25 ዶላር ነው። ከሃኖይ እስከ ሃ ሎንግ በፈጣኑ መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

እናቴን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይችሉት ይሆን? (ከሐረር)

እናትዎ መርከቡን ይችሉታል፤ የሚከብዳቸው ደረጃው ነው። የቲ ቶፕ ደሴት አናት ላይ ለመድረስ ከ400 በላይ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሱንግ ሶትም ያለ ደረጃ አይገባበትም፤ ወለሉም ርጥብ ነው። ለእሳቸው የሚስማማው የሉዎን ዋሻ ነው። እዚያ ቀዛፊ በቀርከሃ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ዝቅ ባለው የድንጋይ ቅስት ሥር ያሳልፍና፣ ዙሪያውን በገደል ወደ ተከበበ ጸጥ ያለ ኩሬ ያደርሳል። ከመርከቡ ወደ ጀልባው ሲሸጋገሩ ብቻ በሁለት በኩል ይደገፉ፤ ካቢናቸውም ከመመገቢያው ጋር በአንድ ፎቅ ላይ እንዲሆን ሲመዘገቡ ይጠይቁ።