«ሲመጣ» ወይስ «ከመጣ»?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ቡና በሚነግድ ድርጅት ቢሮ እሠራለሁ። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሚገቡ ኢሜይሎችን በየፎልደሩ እንዴት እንደሚያከፋፍል ለባልደረቦቼ መመሪያ እየጻፍኩ ነው። «ኢሜይሉ ከሂሳብ ክፍል ሲመጣ ወደ ሂሳብ ፎልደር ይገባል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ «ከመጣ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ልክ ነን? ረቂቁንም አያይዤዋለሁ።

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። «ሲ»ን ግን አይጣሉት፤ መመሪያው ሁለቱንም ይፈልጋል።

«ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን» ያለ ሰው ማባራቱን አልተጠራጠረም፤ ጊዜውን ብቻ ነው የሚጠብቀው። «ዝናቡ ካባራ እንሄዳለን» ያለው ግን ላያባራም እንደሚችል ያውቃል። የጅማን ክረምት የለመደ ሰው ልዩነቱ አይጠፋውም። ኦሮምኛ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ መፈተኛው እጅዎ ላይ ነው፦ «ዮ» የሚሉበት ቦታ «ከ»ን፣ «ዬሮ» የሚሉበት ቦታ «ሲ»ን ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ኢሜይል መምጣቱ አይቀርም። ከሂሳብ ክፍል መምጣቱ ግን የሚጣራ ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፉት፦ «አዲስ ኢሜይል ሲደርስ ተንደርበርድ ላኪውን ያያል። ላኪው ሂሳብ ክፍል ከሆነ ኢሜይሉን ወደ ‹ሂሳብ› ፎልደር ያስገባዋል።»

«ከሂሳብ ክፍል ከመጣ» ብሎ መጻፍ ስህተት የለበትም። ግን አንዱ «ከ» መነሻን፣ ሌላው ሁኔታን ይናገራል። «መጠኑም ከ5 ሜጋባይት ከበለጠ» ሲጨመርበት አራት «ከ» ተደረደረ ማለት ነው። አንባቢ ይደናቀፋል። «ላኪው»ን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ይሻላል።

ረቂቅዎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከመጋዘን የመጣ ወይም ርዕሱ ውስጥ ‹ናሙና› የሚል ቃል ያለበትና አባሪ ያለው ኢሜይል ወደ ናሙና ፎልደር ይገባል።» እስቲ አስቡት፦ መጋዘኑ አባሪ የሌለው ኢሜይል ቢልክ ይገባል ወይስ አይገባም? ከዓረፍተ ነገሩ መልሱን ማወቅ አይቻልም። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከስሙ በፊት ስለሚያስቀድም፣ አንባቢው «ኢሜይል» የሚለው ቃል ጋ እስኪደርስ ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። «ወይም» እና «ና» አንድ ላይ ሲገቡ ደግሞ የትኛው ከየትኛው እንደተጣመረ ይጠፋዋል።

እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ይረዳዎታል። ተንደርበርድ ሁኔታ ለተሰጠው ማጣሪያ (ኢሜይሉን ለይቶ ወደ ፎልደር ለሚያስገባው ትእዛዝ) ከሁለት አንዱን ያስመርጣል፦ ወይ ሁኔታዎቹ ሁሉ መሟላት አለባቸው፣ ወይ አንዱ ብቻ ቢሟላ ይበቃል። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። ስለዚህ የመጋዘኑ ኢሜይል ሁሉ እንዲገባ ከፈለጉ፣ ሁለት ማጣሪያ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ላኪው መጋዘን ከሆነ፣ አባሪ ባይኖረውም፣ ወደ ናሙና ያስገባዋል።» ቀጥሎ፦ «ርዕሱ ውስጥ ‹ናሙና› የሚል ቃል ካለና አባሪም ካለው፣ እዚያው ያስገባዋል።» «ባይኖረውም» የሚለውን ልብ ይበሉ። «ቢ» እና «ም» ተባብረው «ይህ ነገር ውጤቱን አይለውጠውም» ይላሉ። ለማጣሪያ መመሪያ እጅግ የሚጠቅም ቅርጽ ነው፤ ብዙ ጸሐፊ ግን ይረሳዋል።

«ይገባል»ንስ ለምን «ያስገባዋል» አልኩት? «ይገባል» ማን እንዳስገባው አይናገርም። ተንደርበርድ ውስጥ ያለ ማጣሪያ የሚሠራው ፕሮግራሙ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ሰርቨር (ኢሜይሉን ተቀብሎ የሚያከማቸው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ የተቀመጠ ማጣሪያ ግን ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይሠራል። ባልደረባዎ ቤቱ ሆኖ ስልኩን ሲከፍት ኢሜይሉን ገቢ ሳጥን ውስጥ ቢያገኘው «መመሪያው ውሸት ነው» ይላል፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አድራጊውን ይጥቀሱ።

«አቃፊ» ልበል ወይስ «ፎልደር» ብለው ከተጨነቁ፣ ቢሮው ውስጥ የሚባለውን ይጻፉና እስከ መጨረሻው አይቀይሩት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ማጣሪያዎቹ ከላይ ወደ ታች በተራ ነው የሚሠሩት፤ ዓረፍተ ነገሮችዎም ያንን ተራ ይከተሉ። መጨረሻ ላይ ይህን ያክሉ፦ «የትኛውም ማጣሪያ ካልያዘው ኢሜይሉ ገቢ ሳጥን ውስጥ ይቀራል።»